ሠራተኛውን ማመን የሥራ መጀመሪያ ነው



ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከጓደኞቻችን አንዱ አባቱ ሞቱበት። ወሬው በስልክ ለዘመዱ ደረሰ፤ ዘመዱም ከመኝታ ቤት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ እንደ አገሩ ልማድ ሐሙስ ማለዳ አረዳው። የልጁ አገር ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ለቀብሩ መድረስ ባይችል እንኳ ለሰልስቱ ከእናቱ አጠገብ ሊቀመጥ ይችል ነበር። የጐደለው የመሳፈሪያ ገንዘብ ብቻ ነው።

የተማሪዎች ማኅበራችን ለእንዲህ ያለው ክፉ ቀን ብሎ ያቋቋመው የመረዳጃ ገንዘብ አለው። ሁላችንም በየመንፈቀ ዓመቱ እናዋጣለን። በዚያን ዕለት ገንዘቡ በቦታው ነበር፤ አልጐደለም፤ አልተሰረቀም። ልጁም ማመልከቻውን ጽፎ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት አስገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በተራ እንናገር። የመኝታ ቤቱ ተጠሪ «በእርግጥ በዚህ ቤት የሚኖር ነው» ብሎ መፈረም ነበረበት፤ ፈረመ። የክፍሉ ተጠሪ «በእርግጥ በዚህ ክፍል የሚማር ነው» ብሎ መፈረም ነበረበት፤ ፈተና ላይ ስለ ነበር በማግሥቱ ፈረመ። የመረዳጃ ኮሚቴው ጸሐፊ ጉዳዩን በቃለ ጉባኤ አስይዞ መፈረም ነበረበት፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ግን ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። በዚያ ዓርብ ምልዓተ ጉባኤው ስላልሞላ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓርብ ተዛወረ። ከዚያ ገንዘብ ያዡ፣ ከዚያ ሊቀ መንበሩ፣ ከዚያም አማካሪ መምህሩ ፈረሙ። ስድስት ፊርማና አንድ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በ13ኛው ቀን ተሟላና ገንዘቡ ወጪ ሆነ።

ጓደኛችን በዚያን ጊዜ ሄዶ፣ አልቅሶ፣ ተመልሶ ክፍል ገብቶ ነበር። ያሳፈሩት የመኝታ ቤት ጓደኞቹ ናቸው። በዚያው ሐሙስ፣ ገና ምሳ ሳይደርስ፣ አንድ ነጠላ ተዘረጋ፤ ማን ምን ያህል እንደ ሰጠ በደብተር ቅጠል ላይ ተጻፈ፤ ወረቀቱም ሁሉ እንዲያየው በበሩ ላይ ተለጠፈ። ልጁ በማግሥቱ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሥራው በሙሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ማንም አልፈረመም፤ አንድም ሳንቲም አልጠፋም።

በኋላ የማኅበሩን ገንዘብ እንዲወስድ በተጠራ ጊዜ በደረሰኙ ላይ እንዲፈርም ብዕር ተሰጠው። ብዕሩን ከመቀበሉ በፊት፤ «ይህ ገንዘብ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ይህን ርእሰ አንቀጽ ያስጻፈን ይኸው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ጥፋተኛ ፈለግን። ከስድስቱ ፈራሚዎች አንዱ ቸል ብሎ ይሆናል በማለት እያንዳንዱን አነጋገርን። አንድም ጥፋተኛ አላገኘንም። ሁሉም ደንቡን ጠብቋል፤ ሁሉም ለልጁ አዝኗል። እንዲያውም ሁለቱ በዚያ ሐሙስ ከተዘረጋው ነጠላ ላይ የየድርሻቸውን ጥለዋል። ያስደነገጠንም ይህ ነው። እነዚሁ ሰዎች በጓደኝነታቸው ሲሠሩ አንድ ሰዓት የበቃቸው ሥራ፣ በሹመታቸው ሲሠሩት 13 ቀን ፈጀባቸው። እንግዲህ ጕድለቱ ከሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን ካቆምንላቸው አሠራር ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ ቈጠርን። ስድስቱ ሰዎች ወረቀቱን አንብበው ለመፈረም የወሰደባቸው ጊዜ አንድ ላይ ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቀረው ጊዜ ሁሉ ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ተራውን የጠበቀበት ነው። ሥራን የሚያዘገየው የሠራተኛ ስንፍና ብቻ ነው የሚሉ ወንድሞች ይህን ይመልከቱልን። ፈራሚዎቹ ሁሉ እጥፍ ቢተጉ የሚተርፈን ሩብ ሰዓት ነው፤ ከስድስቱ ፊርማ አራቱ ቢቀሩ ግን የሚተርፈን ከሳምንት በላይ ነው።

ቀጥለንም እያንዳንዱ ፊርማ ለምን እንደ ገባ ለማወቅ የቆዩ ቃለ ጉባኤዎችን አገላበጥን። አንዱ የገባው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደረሰኝ ስለ ጠፋ ነው። ሌላው የገባው ሁለት የኮሚቴ አባሎች ስለ ተጣሉ ነው። የሌሎቹን ምክንያት የሚያስታውስ ሰው እንኳ አልተገኘም። ፊርማ ሲጨመር የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ አየን፤ ፊርማ ሲቀነስ የሚያሳይ ግን አንድም አላየንም። አንድ ሰው ባጠፋ ቍጥር ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ንጹሕ ሰው ሁሉ አዲስ አጥር ይታጠራል፤ አጥሩን ያሳጠረው ሰው ተመርቆ ሲሄድ አጥሩ ይቀራል።

ፊርማ መብዛቱ ለጥንቃቄ ነው የሚል ካለም እንዲህ እንመልስለታለን። አማካሪ መምህሩ በቅንነት እንደ ነገሩን፣ እርሳቸው የፈረሙት ሊቀ መንበሩ ስለ ፈረመ ነው። ሊቀ መንበሩ የፈረመው ገንዘብ ያዡ ስለ ፈረመ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ኮሚቴው ስለ ወሰነ፤ ኮሚቴው ሁለቱ ተጠሪዎች ስለ ፈረሙ። ተጠሪዎቹስ? ከበላይ የሚመረምር አለ ብለው ፈረሙ። እንግዲህ ስድስት ሰው የፈረመበትን ወረቀት በእውነት የመረመረ አንድም ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻውን እንዲፈርም ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ስለ ስሙ ሲል ይመረምር ነበር። የፊርማ ብዛት ኃላፊነትን አያጠነክርም፤ ይበትነዋል። ስድስት ሰው የፈረመበት ስሕተት የማንም ስሕተት አይደለም።

ይህ በሽታ በማኅበራችን ብቻ የተወለደ አይደለም። በቋንቋችን «ደጅ ጥናት» የሚባል የቆየ ቃል አለ። ባለጉዳይ በባለሥልጣን ደጅ ቆሞ፣ ወራትም ዓመታትም ይሁን፣ ጌታው ዓይኑን እስኪጥልበት የሚጠብቅበት ሥርዓት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በየክፍሉ ሾሙ። ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው መዝገብ፣ የደብዳቤ ቍጥርና ማኅተም ትልቅ ዕርምጃ መሆኑን መካድ አይገባም። ጉዳዩ በጽሑፍ የተያዘለት ድኻ ትናንት የተፈቀደለትን ዛሬ «አላውቅህም» ሊባል አይችልም። ጽሑፍ ለደካማው መከታው ነው። ስለዚህ እኛ መዝገብ ይቃጠል፣ ደንብ ይፍረስ የምንል ሰዎች አይደለንም።

ነገር ግን ደጅ ጥናቱ በዚህ አልጠፋም፤ ከጌታው ደጅ ተነሥቶ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ተዛወረ። «ነገ ተመለስ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ከላይ ካልተመራ እኔ ምን አገባኝ» የሚሉትን ቃላት በአገራችን ያልሰማ ጆሮ ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ደንብ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ባለጉዳዩን የሚጠብቅ ደንብ ነው፤ ሁለተኛው ሹሙን ከወቀሳ የሚጠብቅ ደንብ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ «ይህ ወረቀት ቢቀር የሚጐዳው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የሚጐዳው ባለጉዳዩ ከሆነ ወረቀቱ ይኑር። የሚጐዳ ሰው ካልተገኘ፣ ወይም የሚጐዳው የፈራሚው ክብር ብቻ ከሆነ፣ ወረቀቱ ዕረፍት ይገባዋል።

በሽታው የኛ አገር ብቻም አይደለም። ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1955 «ኢኮኖሚስት» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ አገሩ ባሕር ኃይል አንድ ሒሳብ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1928 ባለው ጊዜ በሥራ ላይ ያሉት ታላላቅ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ወረዱ። በዚያው ጊዜ በባሕር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ያሉት ሹማምንት ከ2,000 ወደ 3,569 ከፍ አሉ። መርከቡ ሲቀንስ ጸሐፊው በዛ ማለት ነው። ፓርኪንሰን የሰጠው ምክንያት፣ ሹሞች አንዱ ለሌላው ሥራ ይፈጥራሉ የሚል ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያይለት፣ ሌላው ያየውን ሦስተኛው ሊያጸድቅለት ይገባል፤ ሁሉም ከልቡ ሲደክም ይውላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚወጣው ሥራ ግን አይጨምርም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? እኛ እንደምናምነው፣ ውሳኔን ሥራውን በዓይኑ ወደሚያየው ሰው ማውረድ ነው። ይህ የወጣትነት ምኞት ብቻ እንዳይመስል በሥራ የታየባቸውን ሦስት ቦታዎች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት በተባለ ከተማ የነበረ የመኪና ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ ሲሆን፣ በዚያ ፋብሪካ ሠራተኛና አለቃ በክፉ ዓይን ይተያዩ ነበር። ከ100 ሠራተኞች 20 ያህሉ በየቀኑ ከሥራ ይቀሩ ነበር ይባላል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ግን ከጃፓኑ ቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት አብዛኞቹ ሠራተኞች እነዚያው የቀድሞዎቹ ነበሩ። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ሠራተኞች በትንንሽ ቡድን ተከፍለው ሥራቸውን ራሳቸው እንዲያሻሽሉ ተደረገ። ከራሳቸው በላይም አንድ ገመድ ተዘረጋ። ማንኛውም ሠራተኛ ጕድለት ሲያይ ገመዱን ይስባል፤ የቡድኑ መሪ ወዲያው መጥቶ ይረዳዋል፤ ጕድለቱ በቶሎ ካልተስተካከለ የሥራው መስመር በሙሉ ይቆማል። ቀድሞ መስመሩን ማቆም የትልቅ አለቃ ሥልጣን ነበር፤ አሁን የሁሉም ሆነ። ከሥራ የሚቀረው ሰው ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ፤ የሚወጡት መኪናዎችም በጥራታቸው ተመሰገኑ። ፋብሪካው በዚህ ዓይነት እስከ 2010 ሠርቷል።

ከዚሁ ታሪክ የሚያሳዝነውም ክፍል አይለፈን። ጄኔራል ሞተርስ አሠራሩን ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለመውሰድ ሲሞክር ገመዱ ተሰቀለ፤ ሠራተኛው ሲስበው ግን የሚቈጡ አለቆች ነበሩ። ስለዚህ የሚስበው ጠፋ። ገመድ በገንዘብ ይገዛል፤ እምነት ግን በገንዘብ አይገዛም።

ሁለተኛው በኔዘርላንድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቂት ነርሶች ቡርትዞርግ የተባለ ድርጅት አቋቁመው፣ በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄዱ ማስታመም ጀመሩ። በዚያ አገር የነርስ ሥራ በደቂቃ ተቈራርጦ፣ ከበላይ በተቀመጠ ሰው ዕቅድ የሚመራ ሆኖ ነበር። እነዚህ ግን ከ12 በማይበልጡ ቡድኖች ሆነው የሥራውን ክፍፍል፣ ተራውንና አዲስ ባልደረባ መቅጠሩን ራሳቸው ይወስናሉ። አለቃ የላቸውም፤ ሲቸግራቸው የሚጠሩት አማካሪ ግን አላቸው። ሠራተኞቹ ከ10,000 በላይ በሆኑበት ጊዜም እንኳ በዋናው ጽሕፈት ቤት የነበሩት 50 ያህል ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛው በገዛ አገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፣ ከየቀበሌው የተመረጡ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየተማሩ በየቀበሌያቸው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን አንድ ክልከላ ነበረባቸው። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ሲመጣላቸው መድኃኒቱን እንዲሰጡ አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ብቻ ነበር ሥራቸው። ፈሪዎቹም ምክንያት ነበራቸው፤ ሐኪም ያልሆነች ልጅ መድኃኒቱን ብታበላሸውስ ይሉ ነበር። ሳንባ ምች ግን መሸኛ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ እናቲቱ ልጇን አዝላ የሰዓታት መንገድ ስትሄድ ሕፃኑ ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ክልከላው ተነሣ። ሠራተኞቹ ተጨማሪ ትምህርት ተሰጣቸው፤ የሕፃኑን አተነፋፈስ ቈጥረው እንዴት እንደሚለዩ ተማሩ፤ መድኃኒቱ በእጃቸው ገባ፤ ተቈጣጣሪም እየመጣ መዝገባቸውን ያይ ጀመር። አገራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ሞት ከ1990 ጀምሮ በሁለት ሦስተኛ እንድትቀንስ የተያዘላትን ግብ ከቀጠሮው ከ2015 በፊት ደረሰችበት። ይህ የእነዚህ ሴቶች ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ ክትባቱም ምግቡም መንገዱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ያለ እነርሱ ይህ ይሆን ነበር የሚል ሰው አልሰማንም።

ከሦስቱም አንድ ነገር እንማራለን። እምነት ማለት «እንደ ፈለግህ ሁን» ብሎ ዘወር ማለት አይደለም። ፍሪሞንት ላይ ገመዱን ለሳበው ሰው የሚደርስ የቡድን መሪ ነበረ። ነርሶቹ የሚያማክራቸው ሰው አላቸው። የቀበሌ ጤና ሠራተኛዋ ትምህርትና መዝገብ አላት። እንግዲህ እምነት አራት ነገር ይፈልጋል፤ ለሠራተኛው ሥራውን ማስተማር፣ የሥልጣኑን ወሰን ለይቶ መንገር፣ ሲቸግረው የሚጠራውን ሰው ማሳወቅ፣ በመጨረሻም ሥራው ከተሠራ በኋላ በግልጽ መመርመር ናቸው። ልዩነቱ የምርመራው ጊዜ ላይ ነው። የጥርጣሬ አሠራር ከሥራው በፊት ስድስት ጊዜ ይመረምራል፤ ከሥራው በኋላ ግን አንድ ጊዜም አያይም። የእምነት አሠራር አስቀድሞ ሰውን ይመርጣል፤ በኋላም ሥራውን ያያል።

አሁን የሚነሣብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። «ማመን ቀብሮ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚልም ተረት አለን። ሰዉ እንዲህ ከሆነ ገንዘብን በአንድ ሰው እጅ መተው ሞኝነት አይሆንም ወይ? ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ የሌብነት ጉዳት ዋዛ አይደለምና።

መልሳችንን ከሩቅ አገር አናመጣም። እነዚህኑ ተረቶች የሚተርቱት አባቶቻችንና እናቶቻችን ዕድር አላቸው። በዕድር ቤት አንድ አባል ሐዘን ሲደርስበት ጥሩንባ ይነፋል፤ ገንዘቡ በዕለቱ ይሰጣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ማንም «ሐዘንተኛ መሆንህን የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጣ» አይልም፤ ጎረቤቱ ያውቀዋልና። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተመረጡት በጠባያቸው ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ዕድሩ ዓይኑን አልጨፈነም። በስብሰባው ቀን ገቢና ወጪው በአባሎች ፊት ይነበባል፤ የጐደለ ካለ ገንዘብ ያዡ በሰፈሩ ፊት ይጠየቃል። እንግዲህ ወገኖቻችን «ማመን ቀብሮ ነው» እያሉ ለመቅበሪያው ገንዘብ ግን ሰው ያምናሉ። ያውም ሳይመረምሩ አይደለም፤ አስቀድመው ሰውየውን መርጠው፣ በኋላ ሒሳቡን በአደባባይ እየሰሙ ነው። ዕቁቡም እንዲሁ በተዋወቁ ሰዎች መካከል የቆመ ነው። የእኛ የተማርነው ልጆቻቸው ማኅበር ግን ጥሩንባውንም ሒሳብ ማንበቡንም ትቶ ፊርማውን ብቻ ያዘ።

ደግሞስ የፊርማ ብዛት ሌባን ያስቆመው የት ነው? ሌባ ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ወረቀቱ የተሟላለትን ሥራ ነው። ስድስት ፊርማ ለቅን ሰው አጥር ሲሆንበት ለብልጣ ብልጥ መሸሸጊያ ይሆንለታል። ከዚህም በላይ፣ ከሌባው አንድ ብር ለማዳን ብለን ከመቶ ቅን ሰዎች መቶ ቀን እንሰርቃለን። ይህ ስርቆት በመዝገብ ስለማይገባ ብቻ ሌብነት ሳይባል ይቀራል።

ስም መለወጥም መድኃኒት አይሆንም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» የተባለ አሠራር ሲገባ፣ ዓላማው ባለጉዳዩ የሚዞርባቸውን ጠረጴዛዎች ማሳጠር ነበር። በእርግጥም ያሳጠሩ ነበሩ። በዚያው ዘመን አለቃው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ። ማዕረጉ መልካም ነው፤ ባለቤት ማለት ግን በገዛ ቤቱ የሚወስን ማለት ነው። «ከላይ ልጠይቅ» የሚል ባለቤት የትም የለም። ሥልጣኑ ሳይሰጥ ስሙ ብቻ ሲሰጥ፣ ያ ገመዱን ሰቅሎ የሚስበውን ሰው መቈጣት ነው።

ስለዚህ ከራሳችን ቤት እንጀምር። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እነዚህን አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የመረዳጃ ኮሚቴው በየሳምንቱ አንድ ተረኛ ይመድብ። ሐዘን፣ ሕመም ወይም ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ጠቅላላ ጉባኤው በሚወስነው መጠን ተረኛው በራሱ ፊርማ ብቻ በዕለቱ ይክፈል። ከዚያ መጠን በላይ ከሆነ ከገንዘብ ያዡ ጋር ሁለት ሆነው ይፈርሙ፤ ሦስተኛ ሰው አያስፈልግም።

ሁለተኛ፤ የተከፈለው ሁሉ በየወሩ መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የተቀባዩ ስም ሳይጠቀስ፣ መጠኑ፣ ቀኑና የከፈለው ተረኛ ይጻፍ። ያ በመኝታ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የደብተር ቅጠል አብነት ይሁነን።

ሦስተኛ፤ የስፖርት፣ የቴያትር፣ የክርክርና የዚህ ጋዜጣ ኮሚቴዎች ዓመታዊ ገንዘባቸው ከጸደቀላቸው በኋላ በውስጡ የሚያደርጉትን ራሳቸው ይወስኑ። አንድ ኳስ ለመግዛት ወይም ለዚህ ጋዜጣ ማባዣ ቀለም ለመጨመር ሊቀ መንበሩን ከክፍል ወደ ክፍል እያሳደዱ መዋል ይቅር።

አራተኛ፤ በየዓመቱ መስከረም ማኅበሩ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ይቍጠር። ምክንያቱን የሚናገርለት ሰው ያልተገኘለት ፊርማ በዚያው ቀን ይሰረዝ።

አምስተኛ፤ በቅንነት የተሳሳተ ተረኛ ይመከር እንጂ አይከሰስ፤ ሆን ብሎ ያጠፋ ግን በጉባኤ ፊት ይጠየቅ። ሁለቱን ሳይለዩ መቅጣት ሁሉንም ሰው ፈሪ ያደርጋል፤ ፈሪ ሠራተኛ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ፊርማ ይፈልጋል።

አንድ ቀን ተረኛ ሆኖ የሚያጭበረብር ይገኝ ይሆናል፤ አይገኝም ብለን አንምልም። ያን ቀን በዚሁ ገጽ ላይ ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን። የሚጠፋብን ግን የአንድ ሰው መሳፈሪያ ነው። አሁን የሚጠፋብን ግን አንድ ልጅ ሐዘን ላይ ሆኖ እያለ የገዛ ማኅበሩ ያልደረሰለት መሆኑ ነው፤ ይህ በደረሰኝ አይተካም።

ለተከበሩ መምህራኖቻችንና ለጽሕፈት ቤቶችም አንድ ቃል አለን። በቤተ ሙከራ ብዙ ዓመት ያገለገለ ረዳት፣ ውድ የሆኑትን መሣሪያዎች ሁሉ ቍልፍ ይዞ ሲያድር የሚታመን ሰው፣ የተሰበረ የብርጭቆ ቱቦ ለመለወጥ የሦስት ሰዎች ፈቃድ ሲለምን አይተናል። እስኪፈቀድለት ድረስ ቱቦው የጐደለበት ጠረጴዛ ባዶ ይውላል፤ በዚያ ጠረጴዛ መማር የነበረባቸው ተማሪዎችም የሌላውን ሙከራ ቆመው ያያሉ። ሌሊቱን በቍልፍ የሚታመን ሰው ቀኑን በቱቦ ቢታመን ምን ይጐዳል? በቤተ መጻሕፍትም፣ በመዝገብ ቤትም፣ በተማሪዎች ወጥ ቤትም እንዲሁ ሥራቸውን ከአለቆቻቸው ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። አንድ ጊዜ ጠርታችሁ «የትኛው ወረቀት ቢቀርልህ ሥራህ ይቃናል?» ብላችሁ ብትጠይቁአቸው መልሱን ከማንኛውም አጥኚ ኮሚቴ ፈጥናችሁ ታገኛላችሁ ብለን እናምናለን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምንለው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የምንቀመጠው እኛው ነን። ዛሬ በመስኮቱ ውጭ ቆመን የምናማርረውን አሠራር ነገ በመስኮቱ ውስጥ ሆነን እንጠብቀዋለን ወይስ እንለውጠዋለን? ልማድ በሹመት ቀን አይጀምርም፤ ከአሁኑ ይያዛል። በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ባልደረባውን ያላመነ ሰው በሚኒስቴር ውስጥ የበታቹን ያምናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ዘበት ነው።

ያ ጓደኛችን ገንዘቡን አልወሰደም። «ለሚቀጥለው ሐዘንተኛ ይቀመጥ» ብሎ ወደ ክፍሉ ሄደ። ገንዘቡ አሁንም በቦታው አለ። ላነሣው ጥያቄ መልሱ፣ ገንዘቡ የሁላችንም ነው የሚል መሆኑን እናውቃለን፤ በዚያን ዕለት ዝም ያልነው አሠራራችን መልሱን ሐሰት ስላደረገው ነው። የሚቀጥለው ሐዘንተኛ ማን እንደሚሆን አናውቅም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። እርሱ ከመምጣቱ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው ይሰብሰብ፤ አሳቡን ይመርምር፤ ይወስን። በጉባኤውም ላይ ምልዓተ ጉባኤው እንዲሞላ እያንዳንዳችን እንገኝ።